ልጄን የጉድፍ ክትባት ላስከትብ ወይስ ይቅር? ለመወሰን የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

«ጉድፍ እኮ ነው፣ ያልያዘው ማን አለ?» ሲባል ያልሰማ ወላጅ የለም። አባባሉ ከእውነት የራቀ አይደለም። ጤነኛ ልጅ በአራት በአምስት ዓመቱ ጉድፍ ቢይዘው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሳምንት ሲያተኩሰው፣ ሲያሳክከውና ሲነጫነጭ ሰንብቶ ይድናል። እኔም ከቅንድቤ በላይ ያለችው ትንሽ ጎድጓዳ ጠባሳ በዚያ ዕድሜ የቀረችልኝ ናት፤ ከእሷ በቀር ጉድፍ ያተረፈልኝ ነገር የለም። ታዲያ ክትባቱ ለምን አስፈለገ?

ጥያቄው እንዲህ ሲቀርብ መልስ ያጣል። «ጉድፍ ቀላል ነው ወይስ ከባድ?» ብሎ መከራከር የሚያዋጣው በሽታው መቼ እንደሚመጣ የምንመርጠው እኛ ብንሆን ኖሮ ነበር። ያልተከተበ ልጅ በአምስት ዓመቱ ሊይዘው ይችላል። በሃያ አምስት ዓመቱም ሊይዘው ይችላል፤ ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ አርግዛ ሳለች። ለሌላ ሕመም ጠንከር ያለ መድኃኒት በሚወስድበት ሰሞንም ሊመጣበት ይችላል። የምንመርጠው እንግዲህ ቀኑን እኛ በምንቆርጥለት ክትባትና ቀኑን ራሱ በሚቆርጠው በሽታ መካከል ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ይህን ለማመዛዘን ይረዳሉ። የሐኪምን ምክር አይተኩም፤ ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ግን ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

ደረጃ 1፦ የትኛውን በሽታ እንደምናወራ አጥሩ

ጉድፍ፣ ቺክን ፖክስና ቫሪሴላ የአንድ በሽታ ስሞች ናቸው። ኩፍኝ ሌላ ነው፤ በሌላ ቫይረስ ይመጣል፣ ክትባቱም ሌላ ነው። ፈንጣጣ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 ከምድር ገጽ መጥፋቱን ያወጀለት ገዳይ በሽታ ነው። ብዙ ሰው ግን ሽፍታ ያለበትን ሕመም ሁሉ በአንድ ስም ስለሚጠራው፣ «ልጄ ኩፍኝ ተከትቧል» ያለች እናት ስለ ጉድፍም ሐሳቧን የጣለችበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የኩፍኝ ክትባት ከጉድፍ አይከላከልም። ከጆሮ ደግፍና ከሩቤላ ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጠው ባለ ሦስት ክትባትም ቢሆን አይከላከልም። በአንዳንድ አገሮች ጉድፍን አራተኛ አድርጎ የሚጨምር አንድ መርፌ አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የልጁን የክትባት ካርድ አውጥቶ «ቫሪሴላ» የሚል ቃል ወይም ምኅጻሩ ተጽፎበት እንደሆነ ማየት ነው።

ጉድፍን ከሌላው ሽፍታ ለመለየት አንድ ጥሩ ምልክት አለ። ሽፍታው ብዙውን ጊዜ ከደረት፣ ከጀርባና ከፊት ጀምሮ ይሰፋል፤ በየቀኑም አዲስ ይወጣል። በዚህ ምክንያት በአንድ ልጅ ገላ ላይ በአንድ ጊዜ ቀይ ነጥብ፣ ውሃ የቋጠረ እብጠትና የደረቀ ቅርፊት ጎን ለጎን ይታያሉ። ባልተከተበ ልጅ ላይ ከ250 እስከ 500 የሚደርሱ እብጠቶች ይወጣሉ። ኩፍኝ ሲሆን ውሃ አይቋጥርም፤ ሽፍታው ከመውጣቱ በፊትም ሳል፣ ንፍጥና የዓይን መቅላት ይቀድማሉ።

መተላለፉን በሚመለከት ማወቅ ያለባችሁ ሽፍታው ከመታየቱ 1 ወይም 2 ቀን አስቀድሞ መጋባት መጀመሩን ነው። ልጁ መታመሙን ሳታውቁት ለጓደኞቹ አድሏል። በአንድ ቤት ከታመመ ሰው ጋር ከሚኖሩ፣ በሽታውን የመከላከል አቅም ከሌላቸው 10 ሰዎች እስከ 9ኙ ሊይዛቸው ይችላል። ምልክቱ የሚወጣውም ከተጋቦቱ ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። «እንጠንቀቅና ሳይከተብ ይደግ» የሚለው ዘዴ እምብዛም የማይሠራው ለዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ ልጁን ከዚህ በፊት ይዞት እንደሆነ አረጋግጡ

ጉድፍ አንድ ጊዜ የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዳግመኛ አይይዘውም። በሐኪም የታየና በእርግጥ ጉድፍ ነው የተባለ ሕመም ካለፈው፣ ክትባቱ አያስፈልገውምና ንባባችሁ እዚሁ ሊያበቃ ይችላል።

«ይመስለኛል፣ ትንሽ ሳለ የሆነ ነገር ወጥቶበት ነበር» ከሆነ መልሳችሁ ግን እንዳልያዘው ቁጠሩት። የነፍሳት ንክሻም፣ የሙቀት ሽፍታም፣ አለርጂም በትዝታ ውስጥ ጉድፍ ይሆናሉ። ከዚህ በፊት ይዞት የነበረን ልጅ መከተብ ጉዳት የለውም። ለዚህ ሲባል ለትንሽ ልጅ የደም ምርመራ ማሠራት ብዙም አይመከርም፤ ምርመራው ይበልጥ የሚጠቅመው ለአዋቂዎች ነው፣ በተለይ ለማርገዝ ለምታስብ ሴት።

ደረጃ 3፦ በሽታው ሊያደርስ የሚችለውን በመጠኑ እዩት

ሁለት ዓይነት ማጋነን አለ። አንዱ ጉድፍን እንደ ጉንፋን ያቀለዋል፤ ሌላው ያልተከተበ ልጅ ሁሉ ሆስፒታል የሚገባ ያስመስለዋል። ሁለቱንም የሚያስተካክል ቁጥር ከአሜሪካ ይገኛል፤ ክትባቱ እ.ኤ.አ. በ1995 ከመጀመሩ በፊት የነበረው መዝገብ ጥሩ ነውና። በዚያ ዘመን በየዓመቱ 4 ሚሊዮን ያህል ሰው ይያዝ ነበር። ከ10,000 በላይ ሆስፒታል ይተኛሉ፣ ከ100 እስከ 150 ይሞታሉ። አስሉት፦ ሆስፒታል የሚያስተኛው ከ400 ሰው አንዱን ገደማ ነው፤ የሚሞተው ከ27,000 እስከ 40,000 ሰው አንዱ ገደማ ነው። ለአንድ ልጅ ሲታይ ትንሽ ዕድል ነው። ነገር ግን ሆስፒታል ከሚተኙት ልጆች አብዛኞቹ ቀድሞ ምንም ሕመም ያልነበረባቸው ነበሩ። «የእኔ ልጅ ጠንካራ ነው» የሚለው መተማመኛ ያን ያህል አያስመካም።

በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው መዘዝ የቆዳ ቁስለት ነው። በማከክ የተከፈተው እብጠት ባክቴሪያ ያስገባል፤ አልፎ አልፎም ባክቴሪያው ወደ ደም ይዘልቃል። ከዚህ ሌላ ሳንባ ምች አለ፣ የአንጎል ብግነት አለ። ከ4,000 ልጆች አንድ ገደማ ላይ ሚዛን የሚያስትና አካሄድ የሚያንገዳግድ የትንሹ አንጎል ሕመም ይመጣል፤ ወላጅን ክፉኛ ያስደነግጣል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

ዕድሜ ሲጨምር ግን ታሪኩ ይለወጣል። ከ1 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች ከ100,000 ሕሙማን አንድ ያህል ይሞት የነበረው በሽታ፣ ከ30 እስከ 49 ዓመት ባሉ አዋቂዎች ላይ ከ100,000 ወደ 25 ገደማ ይገድል ነበር። አዋቂን በተለይ የሚጎዳው በሳንባ ምች ነው። በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ 20 ሳምንታት የታመመች እናት፣ ጽንሱ በአካሉ ወይም በዓይኑና በአንጎሉ ላይ ጉዳት ደርሶበት የመወለድ አደጋ አለው፤ ዕድሉ ከ2 በመቶ አይበልጥም፣ ሲደርስ ግን ከባድ ነው። እናቲቱ ከመውለዷ 5 ቀን በፊትና ከወለደች 2 ቀን በኋላ ባለው ጊዜ ውስጥ ሽፍታው ከወጣባት ደግሞ አዲስ የተወለደው ሕፃን ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል፤ የእናትየው መከላከያ ወደ ሕፃኑ ለመድረስ ጊዜ አላገኘምና።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ወላጆች ብዙ ጊዜ አያገናኙትም። ጉድፍ ሲድን ቫይረሱ ከሰውነት አይወጣም። በነርቮች ሥር ተደብቆ ለዓመታት ይተኛል፤ ሰውየው ሲያረጅ ወይም የመከላከል አቅሙ ሲዳከም ይነሣና በአንድ ወገን ሰውነትን የሚያቃጥል፣ መስመር ይዞ የሚወጣ ሽፍታ ይሆናል። አልማዝ ባለጭራ የምንለው እርሱ ነው። አልማዝ ባለጭራ የያዘው ሰው ያየ «ልጅ ሆኖ ይያዘውና ይገላገለው» የሚለውን ምክር ሁለት ጊዜ ያስብበታል፤ ግልግል አይደለምና።

ደረጃ 4፦ ክትባቱን እወቁት

ክትባቱን የሠራው ጃፓናዊው ሐኪም ሚቺያኪ ታካሃሺ ነው። በ1960ዎቹ ትንሽ ልጁ በጉድፍ ክፉኛ ታሞበት አልጋው አጠገብ ሲያድር ነው ሐሳቡ የመጣለት። ከአንድ የታመመ ልጅ የተወሰደውን ቫይረስ በላቦራቶሪ እየደጋገመ በማራባት አዳክሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ውጤቱን አሳተመ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሰጡት የጉድፍ ክትባቶች አብዛኞቹ ከዚያው «ኦካ» ከሚባለው ዝርያ የመጡ ናቸው። ሕያው ግን የተዳከመ ቫይረስ መሆኑን ያዙልኝ፤ ማን መከተብ እንደሌለበት የሚወስነው ይኸው ነው።

ምን ያህል ይከላከላል? አንድ ዙር የተከተበ ልጅ በማንኛውም ደረጃ ካለ ጉድፍ 80 በመቶ ገደማ ይጠበቃል፤ ከከባዱ ጉድፍ ደግሞ ከ95 በመቶ በላይ። ሁለት ዙር ሲሆን የመጀመሪያው ቁጥር ወደ 92 በመቶ ከፍ ይላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ሁለት ዙር የተሸጋገረችው፣ አንድ ዙር ብቻ የወሰዱ ልጆች በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ወረርሽኝ መነሣቱ ስላልቀረ ነው። ተከትቦ የሚያዝ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ያነሱ ነጥቦች ብቻ ይወጡበታል፤ ትኩሳቱም ቀላል ነው ወይም ጭራሽ የለም። «ተከትቦም ያዘው፣ ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» የሚል ዘመድ ሲመጣ ይህን ንገሩት።

አልማዝ ባለጭራስ? የክትባቱም ቫይረስ ተደብቆ መተኛት ይችላል፤ ነገር ግን ደካማ ነውና ብዙም አይነሣም። በአሜሪካ ብዙ ልጆችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ በተከተቡት ላይ አልማዝ ባለጭራ ካልተከተቡት ይልቅ በ78 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ለእኔ ሚዛኑን ከደፉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ጎጂ ጎኑን በተመለከተ፣ የተለመደው መርፌው ያረፈበት ቦታ ማበጥና መቅላት እንዲሁም ቀላል ትኩሳት ነው። ከ100 ልጆች በሦስት በአራቱ ላይ ጥቂት ጉድፍ መሰል ነጥቦች ይወጣሉ። ከባድ አለርጂ እጅግ አልፎ አልፎ ይደርሳል። ከኩፍኝ፣ ከጆሮ ደግፍና ከሩቤላ ጋር የተቀላቀለው አንድ መርፌ ግን ለይታችሁ ልትጠይቁበት ይገባል። ከ12 እስከ 23 ወር ላለ ልጅ እንደ መጀመሪያ ዙር ሲሰጥ፣ ሁለቱን መርፌዎች ለየብቻ ከመውሰድ ይልቅ በ5ኛውና በ12ኛው ቀን መካከል በትኩሳት የመንቀጥቀጥ ዕድልን ትንሽ ይጨምራል፤ ከ2,300 እስከ 2,600 ልጆች መካከል አንድ ተጨማሪ ልጅ ያህል። እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ በአብዛኛው ዘላቂ ጉዳት አያስከትልም። ሆኖም ልጁ ራሱ ወይም ወንድም እህቱ ወይም ወላጆቹ መንቀጥቀጥ የነበረባቸው ከሆነ፣ ለየብቻ እንዲሰጠው መጠየቅ ብልህነት ነው።

የእምነት ጥያቄም ይነሣል። ከክትባቱ ዓይነቶች አንዳንዶቹ ከአሳማ የሚገኝ ጄላቲን አለባቸው፤ ቫሪልሪክስ የሚባለው ግን የለበትም። ይህ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ዝም ብላችሁ ከመቅረት የትኛው ዓይነት እንዳለ ጠይቁ።

ደረጃ 5፦ ልጃችሁ መከተብ ከሌለባቸው መሆኑን ለዩ

ክትባቱ ሕያው ስለሆነ የመከላከል አቅሙ በጣም ለተዳከመ ልጅ አይሰጥም። የደም ካንሰር ያለበት፣ ኬሞቴራፒ የሚወስድ፣ የሰውነት ክፍል ተቀይሮለት መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ላይ ያለ ልጅ እዚህ ውስጥ ይገባል። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ በከፍተኛ መጠን ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚወስድም እንዲሁ፤ መድኃኒቱ ካቆመ ከአንድ ወር በኋላ ግን ሊከተብ ይችላል። ለአስም የሚሳበው ስቴሮይድ አይከለክልም። ኤችአይቪ ያለበት ልጅ በደፈናው የሚከለከል አይደለም፤ ሲዲ4 የሚባሉት የመከላከያ ሴሎቹ መጠን ጥሩ ከሆነ ሐኪሙ ሊፈቅድለት ይችላል።

ከዚህ በቀር ለቀደመው ዙር፣ ለጄላቲን ወይም ኒዮማይሲን ለሚባለው አንቲባዮቲክ ከባድ አለርጂ ያሳየ ልጅ አይከተብም፤ በቅርብ ወራት ደም ወይም ኢሚዩኖግሎቡሊን (ከሌሎች ሰዎች ደም የተወሰደ ዝግጁ መከላከያ) የተሰጠው ልጅ (ክትባቱ እንዳይሠራ ያደርጋልና ለወራት ይቆያል)፤ ሕክምና ያልጀመረ የሳንባ ነቀርሳ ያለበት፤ እንዲሁም በዕለቱ በጠና የታመመ ልጅ ይጠብቃሉ። ንፍጥና ቀላል ጉንፋን ቀጠሮ አያስቀሩም። ያደገች ልጅ ካለቻችሁ ነፍሰ ጡር መሆን የለባትም፤ ከተከተበችም በኋላ ቢያንስ አንድ ወር ከእርግዝና መቆየት አለባት። ልጁ ገና ካልተከተበ በወንድሙ ወይም በእህቱ ላይ ከተወለዱ ጀምሮ የነበረ የመከላከል አቅም ጉድለት ታይቶ እንደሆነም ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ደረጃ 6፦ በቤት ውስጥ ማን እንዳለ ቁጠሩ

የዚህ ደረጃ መልስ ብዙውን ጊዜ ውሳኔውን ይቋጨዋል። እርጉዝ እናት፣ አራስ ሕፃን፣ ካንሰር የሚታከም አያት፣ ኩላሊት የተቀየረለት አጎት አብረዋችሁ አሉ? ከሆነ የልጁ ጉድፍ የልጁ ብቻ አይደለም። መከተብ የማይችሉትን ሰዎች የምንጠብቃቸው ዙሪያቸው ያሉትን በመከተብ ነው።

«እናቱ ነፍሰ ጡር ስለሆነች ልጁ ይቆይ» የሚለው ስጋት ደጋግሞ ይነሣል። ነፍሰ ጡሯ ራሷ አትከተብም፤ ልጇ ግን መከተብ ይችላል፣ እንዲያውም ይመከራል። ከተከተበ ልጅ ወደ ሌላ ሰው የክትባቱ ቫይረስ የተላለፈበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው፤ የደረሰውም ልጁ ከክትባቱ በኋላ ሽፍታ ሲወጣበት ነው። እንግዲህ ሽፍታ ከወጣ እስኪደርቅ ድረስ መከላከያ ከሌላቸው ሰዎች ማራቅ ይበቃል። የምታጠባ እናት ጉድፍ ካልያዛት ራሷም መከተብ ትችላለች። ለልጁ ስትሄዱ ስለራሳችሁም ጠይቁ፤ ያልያዛቸው አዋቂዎች ከልጁ ይልቅ ያስፈልጋቸዋል።

ደረጃ 7፦ በአካባቢያችሁ ስንቱ ይከተባል?

አገሮች በዚህ ክትባት ላይ አንድ ቃል አይናገሩም፤ ይህም ወላጅን ግራ ያጋባል። አሜሪካ በ1995 ጀመረች፣ ጀርመን በ2004፣ አውስትራሊያ በ2005፣ ጃፓን ራሷ ለሁሉም ሕፃናት መስጠት የጀመረችው በ2014 ነው። እንግሊዝ ለዓመታት እምቢ ብላ ቆይታ፣ የክትባት አማካሪ ኮሚቴዋ በኅዳር 2023 ይሰጥ አለ፤ መንግሥትም ከ2026 መጀመሪያ አንስቶ በመደበኛው መርሐ ግብር እንዲገባ ወሰነ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብዙ አገሮች ደግሞ በመደበኛው ክትባት ውስጥ እስካሁን አላካተቱትም።

እንግሊዝ የዘገየችው ክትባቱ ጎጂ ነው ብላ አልነበረም። ልጆች በጉድፍ መያዝ ካቆሙ፣ ከልጆች ጋር መገናኘት እየቀሰቀሰው የሚታደሰው የአዋቂዎች መከላከያ ይላላና አልማዝ ባለጭራ ይበዛል የሚል ስሌት ነበራት። አሜሪካ ውስጥ በኋላ የታየው ነገር ያንን ስጋት አላጠናከረውም። ሁለተኛው ስጋት ግን ዛሬም ይሠራል። ከልጆች ገሚሱ ብቻ ቢከተብ ቫይረሱ አይጠፋም፤ ዝውውሩ ይቀንስና ያልተከተቡት ሳይያዙ ያድጋሉ፣ ከዚያም በማይመች ዕድሜ ያገኛቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው አቋም፣ ክትባቱን የሚጀምር አገር 80 በመቶና ከዚያ በላይ ልጆችን ያለማቋረጥ መድረስ መቻል አለበት ያለው ለዚህ ነው።

ይህ የመንግሥታት ሂሳብ ነው። ወደ ቤታችሁ ስታመጡት ግን የሚገርም መልክ ይይዛል። በዙሪያችሁ አብዛኛው ልጅ ከተከተበ፣ ያልተከተበው ልጃችሁ በልጅነቱ ጉድፍ የማግኘት ዕድሉ ይጠባል፤ «ይያዘውና ይለፈው» የሚለው ዕቅድ ይከሽፋል። በዙሪያችሁ ማንም ካልተከተበ ቀድሞ የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ነው። ያም ቢሆን ዋስትና የለውም። በሞቃታማ አገሮች ጉድፍ ከቀዝቃዛዎቹ ይልቅ ዘግይቶ ይይዛል፤ ሳይዛቸው ለአቅመ አዳም የሚደርሱትም ይበዛሉ። በሁለቱም መንገድ ብትሄዱ ሳይያዝም ሳይከተብም ያደገው ልጅ የባሰው ቦታ ላይ ይቆማል።

ደረጃ 8፦ ከወሰናችሁ ቀጠሮውን እስከ መጨረሻው አስተካክሉ

የመጀመሪያው ዙር ከ12 ወር ጀምሮ ይሰጣል። ሁለተኛው በአንዳንድ አገር በ18 ወር፣ በሌላው ከ4 እስከ 6 ዓመት ነው፤ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ በሁለቱ መካከል 3 ወር ቢያልፍ ጥሩ ነው። ከ13 ዓመት ጀምሮ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ልዩነት ሁለት ዙር ነው። ከኩፍኝ ወይም ከሌላ ሕያው መርፌ ጋር በአንድ ቀን መውሰድ ይቻላል፤ በአንድ ቀን ካልሆነ ግን 4 ሳምንት መጠበቅ አለበት።

ክትባቱ በነፃ የማይሰጥበት ቦታ ላይ ከሆናችሁ፣ ከመጀመሪያው ቀን ለሁለት ዙር የሚሆን ገንዘብና አቅርቦት መኖሩን አረጋግጡ። ስለ አቀማመጡም ሳታፍሩ ጠይቁ። አንዳንዱ ዓይነት ከዜሮ በታች ቢያንስ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀዝቅዞ መቀመጥ ያለበት ሲሆን፣ ሌላው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይበቃዋል። ዱቄቱ ከተበጠበጠ በኋላ ሳይቆይ መወጋት አለበት። «የት ነው የምታስቀምጡት? መብራት ሲጠፋስ?» የሚለው ጥያቄ ባለሙያን አያስቀይምም፤ ካስቀየመም መልስ ሆኗችኋል።

በዕለቱ ካርዱን ያዙ፣ ልጁ የሚወስደውን መድኃኒት ስም ጻፉ፣ ከመርፌው በኋላ 15 ደቂቃ ያህል እዚያው ቆዩ። የክትባቱ ስምና የዕጣ ቁጥር ካርዱ ላይ መጻፉን ሳታዩ አትውጡ። ለትኩሳት ፓራሲታሞል በልጁ ክብደት ልክ ይሰጣል። አስፕሪን ለ6 ሳምንት አይሰጥ፤ ከጉድፍ ጋር ሲገናኝ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ሬይ ሲንድሮም የሚባል ብርቱ ሕመም ያመጣልና፣ ጥንቃቄው ለክትባቱም ተላልፏል።

ደረጃ 9፦ ለጊዜው ይቅር ካላችሁ

ይህም ውሳኔ ነውና ዕቅድ ይፈልጋል። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ልጁን ሆን ብሎ ከታመመ ልጅ ጋር ማጫወትን እርሱት። የበሽታውን መጠን መለካት አይቻልም፤ እንዲያውም ቤት ውስጥ ሁለተኛ ሆኖ የሚታመመው ልጅ፣ ለቫይረሱ በብዛት ስለሚጋለጥ፣ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይብሳል።

ልጃችሁ ጉድፍ ከያዘው ልጅ ጋር መዋሉን ስትሰሙ ቀን ቁጠሩ። በ3 ቀን ውስጥ፣ ቢዘገይ እስከ 5 ቀን፣ ቢከተብ በሽታውን ሊያስቀርለት ወይም ሊያቀልለት ይችላል። መከተብ የማይችል በሽተኛ ወይም ነፍሰ ጡር ከተጋለጡ ግን በክትባት ፈንታ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይታዩ።

ከታመመ ጥፍሩን ቁረጡ፣ ገላውን በለብ ባለ ውሃ እጠቡት፣ ሁሉም እብጠት ቅርፊት እስኪሆን ቤት አቆዩት። አስፕሪን አትስጡ። አይቡፕሮፌንንም ብትተዉ ይሻላል፤ ከከባድ የቆዳ ኢንፌክሽን ጋር አብሮ ታይቷል። ትኩሳቱ ከ4 ቀን ካለፈ ወይም ጠፍቶ ከተመለሰ፣ አንዱ ቁስል ዙሪያው ቀልቶ ከጋለና ካመመ፣ መተንፈስ ካስቸገረው፣ ከእንቅልፍ አልነቃ ካለ፣ ሲሄድ ከተንገዳገደ፣ አንገቱ ከደረቀ ወይም ደጋግሞ ካስመለሰ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒት በደንብ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነውና፣ ልጁ ተጨማሪ ሕመም ካለበት ወይም የታመመው አዋቂ ከሆነ የመጀመሪያውን ቀን አታሳልፉ።

ሳይያዝ ካደገ ደግሞ ጥያቄውን መልሳችሁ የምታነሡበትን ቀን ዛሬ ወስኑ። 12 ዓመት ጥሩ ቀን ነው፤ ከጉርምስና በፊት ስለሆነ በሽታው ገና አልከበደም፣ ልጁም ምን እንደሚወጋ ለመረዳት ደርሷል። ዓመተ ምሕረቱን አስልታችሁ በክትባት ካርዱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት።